ወራጅ አለ

ትናንት ሐረጎን ስንወርድ እንቅልፍ ወሰደኝ። ይህን አንድ መስመር ጽፌ ደብተሩን ልዘጋ ነበር፤ ያ ቁልቁለት ለእኔ ምን እንደሆነ ለምታውቁት ይበቃል ብዬ። ሐረጎ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲኬድ ያለው ቁልቁለት ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ግን ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ዓይኔን ስገልጥ የቆላው ሙቀት ፊቴን መታኝ። እህቴ ትከሻዋን እያሻሸች «ከአፋፉ ጀምሮ እኔ ላይ ተኝተሻል» አለችኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባል፤ ደስም ብሎኛል። ግን ከትናንት ማታ ጀምሮ ሆዴ ባር ባር እያለ ነው።

ባለፈው ዓመት በዚያው መንገድ፣ አንዱ ኩርባ ላይ፣ ልቤ ከደረቴ ሊወጣ ደረሰ። ትንፋሽ አጠረኝ፣ ጣቶቼ ደነዘዙ፤ እየሞትኩ እንደሆነ አልተጠራጠርኩም። «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮኽኩ። ረዳቱ ዞሮ አየኝ። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው በኩል ቋጥኝ ነው። «እዚህ ማን አለሽ?» አለኝ። አወረደኝ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አለፈልኝ። የቀረውን ታውቃላችሁ፤ የልብ ምርመራውን፣ «ምንም የለብሽም» መባሌን፣ መጀመሪያ መኪና ቀጥሎ ገበያ መሸሼን፣ በመጨረሻም የአእምሮ ሐኪሙን።

ሰርትራሊን የሚባለውን መድኃኒት ከጀመርኩ አምስተኛ ወሬ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት 25 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ 50። እንደ እኔ የድንገተኛ ፍርሃት ሕመም (ፓኒክ ዲስኦርደር) ላለበት ሰው መድኃኒቱ ገና ሲጀመር ጭንቀቱን ሊያባብሰው ስለሚችል በትንሹ ነው የሚጀመረው። እውነትም አባሰው። ሁለት ሳምንት እጄ ተንቀጠቀጠ፣ አቅለሸለሸኝ፣ ሌሊቱ አልነጋልኝ አለ። ሐኪሙ «እስከ ስድስት ሳምንት ታገሺ» ባይለኝ ኖሮ በአሥረኛው ቀን እተወው ነበር። አክስቴ ሱስ ይሆንባታል ብላ እስካሁን ትሰጋለች። አምሮት የሚያመጣ መድኃኒት አይደለም፤ በአንድ ጊዜ ከተቋረጠ ግን ማዞርና እንቅልፍ ማጣት ስለሚያስከትል፣ ሲተውም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው።

ትናንት ማታ ግን ስለ መድኃኒቱ አልነበረም ሳስብ ያመሸሁት። ስለ እማማ ነው።

አያታችን ኮምቦልቻን ሳታይ ነው የሞተችው። «ቆላ አይስማማትም» ይባል ነበር፤ ጎረቤት ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዛር አለባት ይል ነበር። ፈሪ ግን አልነበረችም። ስንቋን ቋጥራ ግሸን ማርያም ድረስ በእግሯ የምትሄድ ሴት ነበረች፤ የግሸንን አቀበት የወጣ ያውቀዋል። እግሯ መሬት እስከረገጠ ድረስ የሚያስፈራት ነገር አልነበረም።

እናቴ ታላቅ ወንድሜን ኮምቦልቻ የወለደችው በ1979 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያ ልጇ ነው። እማማ ቅቤውን አንጥራ፣ የገንፎውን ዱቄት አዘጋጅታ መኪና ተሳፈረች። ሐረጎ አፋፍ ላይ ሲደርሱ «አውርዱኝ» አለች። ቅቤውንና ዱቄቱን ለሹፌሩ አደራ ሰጥታ በእግሯ ወደ ደሴ ተመለሰች። እናቴ ይህን ስታወራ ድምፅዋ አይለወጥም። «ቅቤው ደረሰ» ትላለች። «ገንፎዬን ግን የሰው እናት አገነፋችልኝ።»

አውርዱኝ። እኔስ ከዚህ ሌላ ምን ነበር ያልኩት?

ከታመምኩ ወዲህ ስለዚህ ነገር ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ዶናልድ ክላይን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም፣ ኒውዮርክ ውስጥ፣ «ልሞት ነው» እያለ በየቀኑ ወደ ነርሶች ክፍል ለሚሮጥ ሕመምተኛ ኢሚፕራሚን የሚባል የድባቴ መድኃኒት ሰጠው። ሳምንታት አለፉ። ሕመምተኛው ራሱ ምንም ለውጥ የለኝም ይል ነበር፤ ሩጫው መቆሙን ያስተዋሉት ነርሶቹ ናቸው። እኔም መተኛቴን የነገረችኝ እህቴ ናት። ክላይን ስለ መድኃኒቱ የጻፈው ጥናት በ1962 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ በእኛ አቆጣጠር 1950ዎቹ አጋማሽ መሆኑ ነው፤ እማማ ያኔ ገና ወጣት እናት ነበረች። በ1980 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሕመሙ በአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና መመሪያ ላይ የራሱን ስም አገኘ። እማማ ሐረጎ አፋፍ ላይ ከመኪና ስትወርድ ሕመሙ ስምም መድኃኒትም ነበረው። እሷ ጋ የደረሰው ግን «ቆላ አይስማማትም» የሚለው ብቻ ነው።

የሞተ ሰው እንደማይመረመር አውቃለሁ። ምናልባትም እውነት ቆላው ይሆናል። ግን ይህ ሕመም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሊደጋገም ይችላል፤ ሐኪሙም የመጀመሪያው ቀን «ከቤተሰብሽ እንዲህ ያለ ሰው አለ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። የለም አልኩት። ካርዴ ላይም እንደዚያው ተጽፏል።

እናቴ አሁን ጓዳ ቡና እየቆላች ነው። ገብቼ «እናትሽ ታምማ ነበር እንጂ ጨክናብሽ አይደለም» ብላት፣ አርባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበው ቅያሜ ይለቃት ይሆን? ወይስ ከዛሬ ጀምሮ እናቷን፣ ከመኪናው ወርዳ፣ ቅቤው ቁልቁል ሲሄድ ቆማ ስታየው፣ በየሌሊቱ ልታያት ነው?