ፀጉር ብቻ

«ምን አየህ?» አሉኝ አብረን ለአደን የወጣነው ጋሼ በሹክሹክታ።

«ፀጉር።»

ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን ተቀይሯል። እንዴት ሰነበትክ የለ፣ ሥራ እንዴት ነው የለ፤ «ፀጉሩስ ደህና ነው?» ብቻ።

የዚያን ቀን ኤልኩ፣ ትልቅ የአጋዘን ዓይነት ነው፣ 25 ሜትር ላይ ቆሟል። የዋሽንግተን ስቴትን የኦሊምፒክ ባሕረ ገብ መሬት ደን ታውቁታላችሁ፤ 50 ሜትር አሻግሮ ማየት ቅንጦት ነው። ከብሔራዊ ፓርኩ ክልል ውጪ ነን፣ ውስጡ ማደን ክልክል ነው። የሩዝቬልት ኤልክ ደግሞ ከሰሜን አሜሪካ የኤልክ ዘሮች ሁሉ በአካሉ ግዙፉ ነው፤ የደረሰ ወንድ ከ300 ኪሎ ያልፋል። ይህን የሚያህል ፍጡር አፍንጫው ሥር ቆሞለት ማጣት ተራ ሰው አይችለውም። ስኮፕ፣ ጠመንጃ ላይ የሚገጠመውን ማጉያ መነጽር፣ ይጠይቃል።

የኔው ስኮፕ ከ6 እስከ 24 እጥፍ ያጎላል። ሻጩ «ማጉያ በዛብኝ ብሎ የተመለሰ ደንበኛ የለኝም» ብሎ ነው ያሸከመኝ። የማጉያው ቀለበት 24 ላይ ነበር፤ ማን እንዳዞረው እስካሁን አልተጣራም። በ24 እጥፍ 100 ሜትር ላይ የሚታየው ስፋት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ 25 ሜትር ላይ ሁለት ስንዝር አይሞላም። ሁለት ስንዝር ኤልክ ማለት ፀጉር ማለት ነው።

እና እንዴት ያለ ፀጉር! ቡናማ፣ ወፍራም፣ ጫፍ ጫፉ ላይ የዝናብ ጠብታ የተንጠለጠለበት። የግራው ወደ ታች ተኝቷል፣ የቀኙ ወደ ኋላ፤ የሚገናኙበት ቦታ ትንሽ ሽክርክሪት አለ። ሽክርክሪቱ አጠገብ አንድ መዥገር ተቀምጧል። ተያየን። አንገት ይሁን ታፋ የማውቀው ነገር የለም። ወደ ግራ ሳዞር ፀጉር፣ ወደ ቀኝ ፀጉር፣ ዝቅ ስል የደበዘዘ ቅጠል፣ ከዚያ እንደገና ፀጉር። ኤልኮችን አሰልፈው «የትኛው ነው?» ቢሉኝ ፊቱን አላውቀውም፤ ያን ሽክርክሪት ግን ከመቶ መካከል አወጣዋለሁ። የሚመታውን ያላወቀ ምላጭ አይስብምና አልሳብኩም። ፀጉሩ መንገዱን ቀጠለ።

ለእንዲህ ያለ ደን ከ1 እስከ 6 እጥፍ የሚያጎላ ስኮፕ ይበቃል፤ ይተርፋልም። 1 ላይ ሲሆን በዚያው 25 ሜትር ዘጠኝ ሜትር ገደማ ስፋት ይታያል፣ ሁለቱንም ዐይን ገልጦ መተኮስ ይቻላል። ሲሄዱ ቀለበቱ ዝቅተኛው ላይ ይቀመጥ፤ ለማጉላት ጊዜ ይገኛል፣ ለመቀነስ አይገኝም። የብርሃኑን ነገር ደግሞ የፊት ሌንሱን ስፋት በማጉያው አካፍላችሁ እዩት፦ 24 ሚሊሜትር በ4 ሲካፈል 6 ይወጣል፣ ምሽት ላይ የዐይን ብሌን የሚከፈተውን ያህል። የኔው 50 በ24 ሲካፈል 2 ነው። ሌንሱ ጀበና ቢያክልም ዐይን የሚደርሰው በመርፌ ቀዳዳ ነው። ስኮፑ ውስጥ የሚታየው ማነጣጠሪያ መስቀል ወፈር ይበል፣ መሀሉ ላይ ትንሽ ቀይ መብራት ቢኖረው ጥሩ ነው፤ ቀጭን መስቀል ከቅርንጫፍ አይለይም።

ጠመንጃው .308 ወይም .30-06 ጥይት የሚተኩስ፣ አፈሙዙ 20 ኢንች ገደማ ቢሆን ከቁጥቋጦ ጋር አይታገልም። አረሩ ከ165 እስከ 180 ግሬን (የአረር ክብደት መለኪያ ነው)፣ እርሳሱ ከመዳብ ልባሱ ጋር የተጣበቀ ዓይነት ይሁን፤ አጥንት ሲያገኝ አይበታተንም። ስኮፑን 100 ሜትር ላይ ዒላማውን እንዲመታ አስተካክሉት፤ 25 ሜትር ላይ አረሩ አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ዝቅ ቢል ነው። ስኮፑን ጠመንጃው ላይ የሚይዙትን ቀለበቶች ብሎኖች እስከ 2 ኒውተን ሜትር ብቻ አጥብቁ፤ በጉልበት ያጠበቀ ቱቦውን ያጎብጣል።

እዚህ ላይ የማግነም፣ ማለትም የኃይለኛ ጥይት፣ ሰባኪዎች ይነሱብኛል። .300 ዊንቸስተር ማግነም 300 ሜትር ላይ ያለውን ጥቅም አልክድም፤ እዚያ ደን ውስጥ 300 ሜትር የሚያሳይ ቦታ ያገኘ ይንገረኝ። የተረፈው ርግጫው ነው። ርግጫውን የፈራ ሰው ምላጩን ሳይስብ ዐይኑን ይጨፍናል፣ ዐይኑን ከስኮፑ 9 ሴንቲሜትር ያህል ያላራቀም ቅንድቡ ላይ ግማሽ ጨረቃ ተቀርጾበት ይመለሳል። «ከባድ አረር ቅርንጫፍ ጥሶ ያልፋል» የሚሉትንም አትስሙ፤ ከባዱ የ.45-70 ጥይትም ቢሆን ቅርንጫፍ ሲነካ አቅጣጫ ይስታል። ክፍተት መጠበቅ ነው።

ለዝናቡ የሌንስ መክደኛና አፈሙዙ ጫፍ ላይ አንዲት ቁራጭ ፕላስተር ይበቃሉ። የቀዘቀዘ ስኮፕ ሞቃት ድንኳን ውስጥ አታስገቡ፣ ጉም ይይዘዋል።

ስኮፑን ይዤ ሻጩ ጋ ተመለስኩ። ካርቶኑን ከፍቶ ገለባበጠውና «ተጠቅመህበታል፣ አልቀበልም» አለኝ።

ምን አይቼበት?