በታህሳስ የሚነሳብን ችፌ

ታህሳስ ገባና ያው የኛ ቤት ችፌ ተነሳ። ኮዬ ፈጬ ማታ ማታ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ቀን ደግሞ አቧራው በር ቢዘጋም አይቀርም፣ አየሩም ደርቋል፣ ልጄ የክርኑን መታጠፊያና ከጉልበቱ ጀርባ ሲያክ ያድራል። እኔ ደግሞ እጄ ላይ ነው፣ በረኪና የነካሁ ቀን ጣቶቼ መሃል ይሰነጣጠቃል።

ሐኪሟ እንዳስረዳችን የችፌ ቆዳ እርጥበት አይዝም፣ ከውስጥ ውሃው ይወጣል ከውጪ ሳሙናው ሽቶው አቧራው ይገባበታል፣ ከዛ ይቆጣል ያሳክካል፣ ሲያኩት ይብስበታል። በዘር ይሄዳል፣ ከአስም ጋርም ዝምድና አለው (እማዬ አስም አለባት በቃ ገባኝ)። ከሰው ወደ ሰው ግን አይተላለፍም!! ይሄን ለስንቱ ጎረቤት እንደነገርኩ። ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ያሉት ፎቶዎች ቀይ ናቸው፣ የኛ ልጆች ላይ ግን ጠቆር ወይ አመድማ ብሎ ሻካራ ሆኖ ነው የሚታየው፣ ለዛ ነው ብዙ እናት ድርቀት ነው ብላ የምታልፈው።

ስራውን የሚሰራው ቫዝሊን ነው፣ ሽታ የሌለው ወፍራሙ። ለብ ባለ ውሃ ቶሎ አጥቤው በፎጣ ሳላሽ ጠብ ጠብ አድርጌ አደርቀውና ቆዳው ሳይደርቅ በ3 ደቂቃ ውስጥ ልቅልቅ አድርጌ እቀባዋለሁ፣ ደህና በሆነበት ሰሞንም አልተውም፣ ውሃ በጠፋበት ቀንም ቅባቱ አይቀርም። ሲብስበት ሃይድሮኮርቲሶን 1% የሚባል ቀለል ያለ የስቴሮይድ ቅባት አለ። ልኩ ከአዋቂ ሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የተጨመቀ ነው፣ እሱ ሁለት የአዋቂ መዳፍ ከነጣቱ የሚያክል ቦታ ይበቃል።

ምክር ግን አይጣል ነው። አንዷ ፌጦ ወቅጠሽ ለጥፊበት ትላለች፣ የቆሰለ ቆዳ ላይ ፌጦ! ሌላዋ ኮስሞቲክስ ቤት የምትሸጠውን ፊት ማቅያ ቱቦ አመጣችልኝ፣ ሳየው ክሎቤታሶል። በጣም ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው እኮ፣ ያለ ሐኪም ሲቀቡት ቆይቶ ቆዳ ያሳሳል፣ እንኳን ለህፃን ለሷም ፊት አይሆንም። ስቴሮይድ የሚባል ስም ሰምተው ልጃቸው እየደማ ጭራሽ የማይቀቡም አሉ፣ እነሱም አይገቡኝም።

ቢጫ ቅርፊት ከሰራ፣ ከመገለ ወይ ካተኮሰው ግን የቤት ነገር አይደለም፣ ኢንፌክሽን ነው። አለርት ሆስፒታል ሪፈር የተፃፈልን ጊዜ ጎረቤቴ እትዬ «ምነው ልጄ፣ ምን አገኘው?» ብለው ደነገጡ። በ1958 ዓ.ም. ለስጋ ደዌ ተብሎ የተቋቋመ ስለሆነ ስሙ እስካሁን ያስፈራል፣ እዛ የምትሄዱት ግን ለማንኛውም የቆዳ በሽታ ነው። ችግሩ ከዚህ ታክሲ ቀያይሮ እዛ መድረሱ ነው እንጂ።

አሁን ደግሞ እማዬ ከደብረ ብርሃን የሱፍ ሹራብ ልካለታለች። ሱፍ ቆዳው ላይ ሲያርፍ ያሳክከዋል ብላት ትቀየመኛለች፣ ከስር ረጅም እጅጌ የጥጥ ካናቴራ አልብሼው ፎቶ አንስቼ ላኩላት።