በአንዲት «ሲ» የሞተ ውሻ

ክረምት ነው፣ ደብረ ማርቆስ። መብራት ከሄደ ሁለት ሰዓት አልፎታል። አክስቴ ቤት ሻማ ከበን ተቀምጠናል። ጠረጴዛው ላይ ካርድ ተዘርግቷል፣ መሀል ላይ ቆሎ አለ፣ እኔና የአክስቴ ልጅ ደግሞ ስለ አንድ የወረቀት ውሻ እየተጯጯህን ነው።

ጨዋታው አርካም ሆረር ይባላል፤ ፋንታሲ ፍላይት የተባለው አሳታሚ በፈረንጆቹ 2016 ያወጣው የካርድ ጨዋታ። ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ነው ይዞልኝ የመጣው። የእኔ ሳጥን ለሁለት ሰው ነው የሚበቃው፤ የተቀረው አማካሪ ነው፣ አማካሪ ደግሞ ከተጫዋች ይብሳል። እንደ ካርታ እርስ በርስ አትሸናነፉም፤ ሁላችሁም አንድ ወገን ናችሁ፣ የምትገጥሙት ጨዋታውን ራሱን ነው። ጣጣውም ከዚህ ይመጣል። ካርታ ስትጫወት ሕግ ብታጣምም ተቃራኒህ አፍህን ያስይዝሃል። እዚህ የሚጮህብህ ተቃራኒ ስለሌለ፣ ሁሉም መዳን ስለሚፈልግ፣ ሳይታወቅህ ሕጉን ወደ ራስህ እየጎተትክ ትከርማለህ።

ወደ ውሻው ልመለስ። የያዝኩት ሮላንድ ባንክስን ነው፣ የኤፍ ቢ አይ ሰውዬውን። ጠባቂ ውሻ አለኝ። ውሻው ሦስት ጉዳት ሲሞላ ይሞታል፣ ሁለቱን ቀምሷል። ፊቴ የቆመው ጭራቅም አንድ ጉዳት ነው የቀረው። ጭራቁ መታኝ፤ ምቱ ጉዳትም ድንጋጤም ነበረው። ጉዳቱን ለውሻው ሰጠሁ፣ ድንጋጤውን ራሴ ዋጥኩ። ካርዱን ጮክ ብዬ ወደ አማርኛ መለስኩ፦ «የጠላት ምት ውሻውን ሲጎዳው፣ ለመቺው አንድ ጉዳት ስጥ።»

«ሞቶ እንዴት ይነክሳል?» አለ የአክስቴ ልጅ።

«ሳይሞት ነክሶ ነዋ!»

«ሲጎዳው ነው የሚለው። ተጎዳ፣ ሞተ፣ አለቀ።»

ቀላል ነገር አልነበረም። ጭራቁ ከሞተ ሮላንድ ፍንጭ ያገኛል፤ እሱ ጠላትን ካሸነፈ በኋላ በየዙሩ አንዴ ይፈቀድለታል። ያቺ ፍንጭ ደግሞ ታስፈልገን ነበር። ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። በመጨረሻ እኔ ተሸነፍኩ፣ ውሻው ሳይነክስ ሞተ፣ ጨዋታውም ተበላ።

ያዳነን በልጅነቱ ቅኔ ቤት የቆየ ጓደኛችን ነው፤ እኛ የኔታ እያልን እናሾፍበታለን። ጥጉን ይዞ ቆሎውን ሲቆረጥም አምሽቶ አንድ ነገር ተናገረ። «እናንተ የተጣላችሁት በውሻው አይደለም፣ በ‹ሲ› ነው። ‹አክስቴ ስትመጣ እንበላለን› ስትል ከመጣች በኋላ ማለትህ ነው። ‹ስትመጣ አየኋት› ስትል ግን ገና መንገድ ላይ ናት።»

ዝም አልን። ልክ ነዋ። እንግሊዝኛው «ዌን» (when) እና «አፍተር» (after) ብሎ የለያቸውን ሁለት ነገሮች፣ እኔ በችኮላ ስተረጉም ሁለቱንም በ«ሲ» ነው ስጠቀልላቸው የኖርኩት።

በማግስቱ የሕግ ማጣቀሻውን ይዤ ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ ሁሉንም ልተረጉም ተነሳሁ፤ ሞኝነት ነበር፣ ከጥቂት ገጽ በኋላ ደከመኝ። ስለዚህ ያጣሉንን ካርዶች ብቻ ለየሁና ከእያንዳንዱ ላይ «መቼ» የሚለውን ቃል ብቻ ደብተር ላይ ገለበጥኩ። ሕጉ ቁርጥ ያለ ነው። «ዌን» ካለ ነገሩ ተነስቷል፣ ውጤቱ ግን ገና አላረፈም፤ አንተ መሀል ትገባለህ። «አፍተር» ካለ ሁሉም ነገር እስኪያልቅ ትጠብቃለህ። ውሻው ላይ ያለው «ዌን» ነው። ስለዚህ እየሞተም ቢሆን ይነክሳል። ትክክል ነበርኩ! (ለአክስቴ ልጅ ሦስት ጊዜ ደውዬ ነገርኩት።)

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። «ዌን» የሚለውን ሁሉ «ሊ... ሲል» ብዬ ጻፍኩ፤ ሊመታ ሲል፣ ሊወድቅ ሲል። ከዚያ «ላኪ» የምትባለዋ ካርድ መጣች፤ ፈተና ልትወድቅ ስትል ሁለት ነጥብ ትጨምርልሃለች። እሷ ላይ እንግሊዝኛው «ዌን» ብቻ ሳይሆን «ዉድ» (would) የሚል ጨምሮበታል፣ ይሄኛው ደግሞ ከተራው «ዌን» ይቀድማል። ሁለቱን አንድ ላይ ጨፍልቄያቸው ነበር። እንደገና ወደ የኔታ። እሱም «ሊ... ሲል»ን ለ«ዉድ» ብቻ እንድተዋት፣ ለተራው «ዌን» ደግሞ «ሲመታ፣ ቁስሉ ሳይቆጠር» ዓይነት ጅራት እንድቀጥልበት ነገረኝ። ብቻዋን የቆመች «ሲ» ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠረጴዛችን ላይ ክልክል ናት።

ሌላው የበላን ነገር ከቃል ጋር አይገናኝም፣ ከቅደም ተከተል ነው። ጭራቅ አጠገብህ ቆሞ ከመዋጋት፣ ከማምለጥ፣ ከመደራደርና ጨዋታውን ትቶ ከመውጣት ሌላ ነገር ከሠራህ ይመታሃል። መቼ ነው የሚመታህ? እኛ የፈለግነውን ከሠራን በኋላ ነበር የምናስመታው። ሕጉ የሚለው ሌላ ነው፦ ዋጋውን ከፍለሃል፣ ያሰብከው ግን ገና አልሆነም፣ ምቱ እዚያ መሀል ያርፋል። ያንን ውሻ ለማውጣት ሦስት ሪሶርስ፣ ማለትም የጨዋታው ገንዘብ፣ ይከፈላል። ገንዘቡን ቆጥረህ ትሰጣለህ፣ ትመታለህ፣ ከዚያ ውሻው ይገባል። ስለዚህ በዚያው ውሻ ያንን ምት መከላከል አይቻልም። ስንት ጊዜ ተከላክለንበታል! ካሸነፍናቸው ጨዋታዎች ስንቱ በሐቅ እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ሌላው ቶሎ ገባን። የግዴታ የሆነው በፈቃድ ከሚሠራው ይቀድማል። «አይቻልም» ካለ አይቻልም፣ ሌላ ካርድ አያስፈቅደውም። ካርዱና የሕግ መጽሐፉ ከተጣሉ ካርዱ ያሸንፋል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን መጽሐፉ ውስጥ ያለች አንዲት ደንብ ናት፤ መልሱን ማግኘት ካልቻላችሁ ለእናንተ የከፋውን መርጣችሁ ቀጥሉ ትላለች። እኛ እስከዚያ ቀን በተጠራጠርን ቁጥር የተሻለውን ነበር የምንመርጠው።

ባለፈው ቅዳሜ አዲሱን የትርጉም ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፈን ተጫወትን። ውሻው ሞተ፣ እየሞተም ነከሰ፣ ጭራቁ ወደቀ፣ ፍንጯን አነሳሁ። ቀጥሎ ግን ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር መጣ፣ መጽሐፉን ብናገላብጥ አላገኘነውም፣ የከፋውን መርጠን ተበላን። አክስቴ ቶናውን እየቀዳች ስታዳምጥ ቆይታ «ማንም ሳያስገድዳችሁ?» አለች።

«ሕጉ ነው፣ እታባ።»

«እና ለመሸነፍ ነው መብራት እስኪጠፋ የምትጮሁት?» ብላ ስኒውን ከካርዶቹ ራቅ አድርጋ አስቀመጠችልኝ።