«ይዞ» ብዬ የጻፍኳት ወጌሻ

የድሮ የስላቅ ሥዕሎችን ለማየት ወደ ለንደን የምትሄዱ ካላችሁ ይህን አንብባችሁ ሂዱ። አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ስሕተት በስሜ ባልታተመ ነበር።

ሥዕሎቹ ወደሚታዩበት የንባብ ክፍል ለመግባት ቀጠሮ መያዙ ቀላል ነው። መታወቂያ ያዙ፤ እስክሪብቶ ስለማይፈቀድ እርሳስ ያዙ፤ እጃችሁን ታጠቡ።

የሄድኩት ለአንድ የአማርኛ መጽሔት ስለ አርለኪን ለመጻፍ ነበር። አርለኪን ከጣሊያን የአደባባይ ቲያትር የወጣ፣ በባለቀለም እራፊ የተጣፈ ልብስ የሚለብስ አሳቂ ነው። መድኃኒት ሻጮች ገበያ የሚሰበስብላቸው አሳቂ ከጎናቸው ያቆሙ ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ፓሪስ ውስጥ በፕላስ ዶፊን አደባባይ ሞንዶር ቅባቱን ሲሸጥ፣ ሕዝቡን የሚያስቅለት ታባራን ነበር። ከዚህ ተነሥቼ ለራሴ ሕግ አወጣሁ፦ እራፊ የለበሰው አሳቂው፣ ካባ የለበሰው ሻጩ።

የንባብ ክፍሉ መመሪያ ጀማሪ ከርእስ ማውጫው ይጀምር ይላል። እንደተባልኩት አደረግሁ። «አርለኪን» ከሚለው ርእስ ሥር ካመጡልኝ ሥዕሎች አንዱ የ18ኛው መቶ ዓመት እንግሊዛዊ ሠዓሊ የዊልያም ሆጋርት «የቀባሪዎች ማኅበር» ነበር። የባላባት ጋሻ ዓርማ መስሎ የተሠራ ነው። ከታች ዊግ ያጠለቁ 12 ሐኪሞች ተጨናንቀው ሽንት ይመረምራሉ፤ የከዘራቸውን እጀታም አፍንጫቸው ሥር ይደግናሉ። ከላይ ሦስት ሰዎች አሉ፤ መካከል ላይ የአርለኪን ልብስ የለበሰ ሰው ትልቅ አጥንት ጨብጧል።

ሠራተኛውን «መካከል ላይ ያለው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ቀና እንኳ ሳይል «የሐኪሞቹ አሳቂ ነው» አለኝ። ከሕጌ ጋር ስለገጠመ አመንኩት። «አጥንት ይዞ የቆመ አሳቂ» ብዬ ጻፍኩ፤ እንደዚያው ታተመ።

አሳቂ አልነበረችም። ሣራ ማፕ ነበረች፤ ለንደን አቅራቢያ ያለችው የኤፕሰም ከተማ ወጌሻ። የተሰበረና የወለቀ አጥንት በመመለስ ስሟ ከመግነኑ የተነሣ በአራት ፈረስ በሚጎተት ሠረገላ ለንደን እየመጣች ታክም ነበር። ግራና ቀኟ ያሉት ጆን ቴይለርና ጆሹዋ ዋርድ ናቸው። ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1750 የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የዮሐን ሴባስቲያን ባህን ዓይን የቀደደውና ብርሃኑን ያልመለሰለት ነው፤ ዋርድ ደግሞ አንቲሞኒ የሚባል መርዛማ ማዕድን ያለበት ክኒን ይሸጥ ነበር።

በሠራተኛው አሁንም እናደዳለሁ፤ በራሴ ግን ይብሳል። መልሱ ከሥዕሉ ሥር ተጽፎ ነበር። ጽሑፉ በዓርማ አዋቂዎች ቋንቋ ሁለቱን ወንዶች «ግማሽ ሐኪሞች»፣ የመካከሏን «ሙሉ ሐኪም» ይላል። አሳቂ ሙሉ ሐኪም አይባልም። ቋንቋው ከበደኝና ዘለልኩት። እርግጥ ያው ጽሑፍ እሷንም «በቀኝ እጁ» እያለ እንደ ወንድ ይጠራታል። አማርኛ ግን ዝም ብሎ አያሳልፍም፤ «ይዞ» ወይም «ይዛ» ሳልል ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ አልችልም ነበር። እዚያ ላይ እጄ መቆም ነበረበት። ልጅ ሳለሁ የወለቀ ክንዴን የመለሱልኝ እኮ ሴት ወጌሻ ናቸው! ሆጋርት እራፊውን ያለበሳት ሊሳለቅባት ነው፤ እኔ ስላቁን እንደ ማስረጃ ወሰድኩት።

ዓመቱን ግን አልሳትኩም። ሥዕሉ ላይ ያለው ማርች 3 ቀን 1736 ነው። እንግሊዝ እስከ 1751 ድረስ ዓመት የምትለውጠው ማርች 25 ላይ ስለነበር፣ በዛሬው አቆጣጠር 1737 ይሆናል። አዲስ ዓመቱን በመስከረም የሚቀበል ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ቶሎ ያያል፤ በዚህ እኮራለሁ። ሣራ ማፕም በዚያው በ1737 በድህነት ሞተች።

ስለዚህ መመሪያውን ተዉት። ማውጫ ከመክፈታችሁ በፊት ከሥዕሉ ሥር ያለውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል በእርሳስ ገልብጡ፤ የከበዳችሁን ቃል ደግሞ አስቀድማችሁ ፈልጉ። ፎቶ ለማንሣት አትቸኩሉ፤ ፎቶ ያነሣሁትን ሁሉ «በኋላ አነበዋለሁ» እያልኩ ሳላነበው ቀርቻለሁ። ሠራተኛ የነገራችሁን ስም ሥዕሉ ላይ ካላገኛችሁት አትጻፉት።

ማስተካከያው በሚቀጥለው እትም በአንድ መስመር ወጣ፤ ስሟ አለበት። ቤቴ ባሉት አራት ቅጂዎች ላይ «ይዞ»ን ሰርዤ «ይዛ» ብያለሁ።