ቀርጤስ ፊት የጦር መርከብ ሲጠራን

የምንኖረው ለገጣፎ ነው፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ። ባለቤቴ ማሪን ኢንጂነር ነው፤ ባቦጋያ ሠልጥኖ ስድስት ዓመት በጭነት መርከብ ላይ ሠርቷል። ባለፈው ክረምት የድሮ ካፒቴኑ "ጀልባዬ ቀርጤስ ላይ ቆማለች፣ ለሁለት ሳምንት ውሰዷት" አለን። አሥራ አንድ ሜትር የምትሆን ባለ ሸራ ጀልባ ናት። ከዚያ በፊትም ከእሱ ጋር ወጥተንባታል፣ ፈቃዱንም ሁለታችንም አውጥተናል፤ ብቻችንን ስንወጣ ግን የመጀመሪያችን ነበር። እናቴ ቀርጤስ ስንላት "ጳውሎስን ማዕበል ያገኘው እዚያ አይደል?" ብላ ስትጨነቅ ከረመች። እኔንም ያስፈራኝ ማዕበሉ ነው። የጦር መርከብ በሐሳቤም አልነበረ።

ከጎናችን የሚኖሩት ጋሼ ግን አስበውበታል። እሳቸው የቀድሞው ባሕር ኃይል ናቸው። ወጣትነታቸው ያለቀው ምፅዋ ነው፣ "ኢትዮጵያ" የምትባለው መርከብ ላይ ራዲዮ እየሠሩ። በአሜሪካኖቹ ጊዜ "ኦርካ" ትባል የነበረችውና በ1954 ዓ.ም. ለእኛ የተሰጠችው ማለት ነው። በ1983 ዓ.ም. መርከቦቻችን ወደ የመን ሲሸሹ እሳቸውም አብረው ሄዱ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ለገጣፎ ቤት የሠሩት። ልንሄድ አንድ ወር ሲቀረን ጠሩን። "ልጄ፣ ራዲዮ ላይ ሁለት ሰው አይናገርም" አሉኝ። "እሱ መሪ ይያዝ፣ አንቺ ተናገሪ።" ከዚያ በኋላ ማታ ማታ በስልክ ልምምድ ሆነ። እሳቸው ግቢያቸው ተቀምጠው በእንግሊዝኛ ቁጥር ያነቡልኛል፣ እኔ ወጥ እያማሰልኩ ደግሜ እመልሳለሁ። ሠላሳ አምስት አይባልም፣ ሦስት፣ አምስት ነው የሚባለው። አንዷን ከሳትኩ እንደገና ከመጀመሪያው።

ሬቲምኖ ከሚባለው ወደብ የወጣነው ጎህ ሳይቀድ ነው፣ ወደ ቻኒያ ለመሄድ። በመሐል የሱዳ ባሕረ ሰላጤ አለ። እዚያ የግሪክ ባሕር ኃይልና ኔቶ የሚጠቀሙበት ትልቅ ሰፈር አለ፣ ከጎኑ አክሮቲሪ ላይ ደግሞ ሚሳኤል የሚተኮስበት የኔቶ ቦታ አለ። ይህን ካርታው ላይ አይተናል። ጥፋታችን ሌላ ነው። ጀልባዋ ላይ ናቭቴክስ አለ፤ በ518 ኪሎኸርዝ የአየር ሁኔታና ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ የሚቀበል መሣሪያ። ማታ ነፋሱን ብቻ አንብበን ተኛን። ከነፋሱ በታች ተኩስ የሚደረግበት ቦታና ሰዓት ተጽፎ ነበር።

ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ነው፣ ወደ ቻኒያ በቀጥታ አያስኬድም። በዚግዛግ ነው የሚኬደው። የድራፓኖን ጫፍ አልፈን ወደ ሰሜን እየሄድን ሳለ፣ ረፋዱ ላይ፣ በስተግራ ግራጫ መርከብ አየሁ። ሌሎች መርከቦች በራዲዮ የሚልኩትን ስምና ቦታ የሚያሳየው ስክሪናችን ላይ ምንም የለም። የጦር መርከቦች ብዙ ጊዜ ይህን መለያቸውን ያጠፋሉ። ከፊቱ አንድ ትንሽ ጎታች መርከብ ቀስ እያለ ይሄዳል። ባለቤቴ "ችግር የለም፣ ከጎታቹ ኋላ እንለፍ" አለ። ባሕር ላይ ትሕትናው እንደዚያ ነው፣ ከሌላው ፊት አይቆረጥም፣ በኋላው ይታለፋል። እኔም ልክ ነው ብዬ ነበር።

ከዚያ ሁሉም መርከብ በሚያዳምጠው የራዲዮ መስመር፣ ቻናል 16 ላይ፣ ከጦር መርከቡ ድምፅ መጣ። ስማችንን አልጠራም፣ ከየት ያውቀዋል? የኛ መሣሪያ የሌላውን ይቀበላል እንጂ የኛን አይልክም። "35 ዲግሪ 32 ደቂቃ ሰሜን፣ 24 ዲግሪ 16 ደቂቃ ምሥራቅ ላይ ያለሽው ባለ ሸራ ጀልባ" ነው ያለው። እኛ መሆናችንን ያወቅኩት በየግማሽ ሰዓቱ ያለንበትን ወረቀት ላይ እጽፍ ስለነበረ ብቻ ነው። ይህችን ነገር ማንም እንዳይተዋት እለምናለሁ፤ የጦር መርከብ የሚጠራህ ባለህበት ቦታ ነው፣ ቦታህን ካላወቅክ ለሌላ ሰው የሚያወራ ይመስልሃል፣ እሱ ደግሞ ዝም ያለውን ሰው በበጎ አያየውም።

እጄ እየተንቀጠቀጠ ተናገርኩ። እኛ ነን፣ ስማችን ይህ ነው፣ ሁለት ሰው ነን፣ በአምስት ኖት ፍጥነት ወደ ሰሜን እየሄድን ነው፣ ወዴት እንድንዞር ትፈልጋላችሁ? ለመጠየቅ አለማፈሬ በጀኝ። ሰውየው በእርጋታ መለሰ፦ ጎታቹ በረጅም ገመድ የተኩስ ዒላማ ይጎትታል፣ ወደ ዜሮ ዘጠኝ ዜሮ ዙሩ፣ አራት ማይል ራቁ። አንድ በአንድ ደግሜ አነበብኩለት። ያን ጊዜ ነው ባለቤቴ በባይኖኩላር አይቶ ፊቱ የተለወጠው። ከጎታቹ ኋላ ሩቅ፣ ውኃው ላይ ብርቱካናማ ነገር ይንሳፈፋል። ልናልፍ የነበረው በሁለቱ መሐል፣ በገመዱ ላይ ነበር።

ቶሎ ዞርን፣ ብዙም ዞርን። ትንሽ ትንሽ እያሉ መዞር ከሩቅ ለሚያይ ሰው አይታወቅም፤ ፊታችንን ሙሉ በሙሉ ወደ ምሥራቅ አደረግንና ያኔ "አመሰግናለሁ" አለን። ባለቤቴ ስልኩን ሊያወጣ ሲል አስቀምጠው አልኩት። እዚያ ወታደራዊ ሰፈር ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፣ ደግሞም ያን ሰዓት የሁለታችንም ዓይን ያስፈልግ ነበር።

ሸራ ያለው ከሞተር መርከብ ቅድሚያ አለው የሚለውን ብቻ ይዘው የሚወጡ ሰዎች አሉ። እውነት ነው፣ ግን እንደልቡ መዞር ለማይችል መርከብ ሸራውም ይለቃል። ምልክቱ ምሰሶው ላይ ይሰቀላል፦ ከላይ ክብ፣ መሐል የአልማዝ ቅርጽ፣ ከታች ክብ፣ ሦስቱም ጥቁር። ሞተር ካስነሳህ ደግሞ ሸራህ ቢዘረጋም በሕጉ የሞተር ጀልባ ነህ። አምስት አጭር ጡሩምባ ከሰማህ ሌላው መርከብ "የምታደርገው አልገባኝም" ማለቱ ነው። እነዚህን ሁሉ ተምረናቸው ነበር። ምልክቱም ጎታቹ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ቀድመን በባይኖኩላር አላየነውም እንጂ።

ቻኒያ የደረስነው ከመሸ ነው። ለገጣፎ ስንመለስ ቡና አፍልቼ ጋሼን ጠራኋቸው። ነገሩን ሁሉ ሰምተው ስለ መርከቡ ምንም አልጠየቁም። "እስክትመልሺለት ድረስ ስንት ጊዜ ጠራሽ?" አሉኝ። አንድ ጊዜ፣ አልኳቸው። ስኒውን አስቀምጠው ጭንቅላቴን ሳሙኝ። ከዚያ "ሌሊት ቢሆንስ ኖሮ?" አሉ። ከ200 ሜትር በላይ የሚጎትት መርከብ ሌሊት ሦስት ነጭ መብራት ከላይ ወደ ታች ደርድሮ ያበራል፤ እኔ ሁለት ብዬ መለስኩ። አሁን መብራት በጠፋ ማታ ሁሉ በባሕር ዛፍ አጣና ላይ ባትሪዎች አስረው አጥሩ ጋ ያቆማሉ፣ እኛ ከበረንዳ ሆነን ምን እንደሆነ እንነግራቸዋለን።