ቤታችንን ይዘን ጋዝ ፍለጋ

መጀመሪያ ያደናቀፈን ባልቲሞር ነው። ኦክቶበር 2024 ላይ አሜሪካ ውስጥ በሞተርሆም (ውስጡ ቤት በሆነ መኪና) ከሪችመንድ ተነስተን በአይ-95 አውራ ጎዳና ወደ ሜይን እየወጣን ነበር። መንገዱ ባልቲሞርን የሚያቋርጠው በፎርት ማክሄንሪ ዋሻ፣ ከውሃ ሥር ነው። ማስጠንቀቂያውን ያየችው ባለቤቴ ናት።

"ፕሮፔን የያዘ አይገባም ይላል እኮ!"

ፕሮፔን የማብሰያ ጋዝ ነው፤ እኔ ደግሞ ጋዝ ጭኛለሁ ብዬ አስቤም አላውቅ። ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና ማሞቂያ ያለው ሞተርሆም እየነዳሁ ነው፣ በቃ። ለካ ከወለሉ ሥር ትልቅ የጋዝ ታንክ ታቅፌ ነው የምዞረው። ቀድሞ እንደኛ ያሉት በፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ይዞሩ ነበር። እሱን ደግሞ ማርች 26 ቀን 2024 መርከብ ገጭቶ ጣለው። ስለዚህ በ695 ቀለበት መንገድ በምዕራብ በኩል ከተማዋን ዞርናት። ኒውዮርክም ያው ነው፤ የሆላንድም የሊንከንም ዋሻ ፕሮፔን አያስገቡም። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ካርታ ስትከፍት መጀመሪያ የምትፈልገው ዋሻ ሆነ።

ፔንሲልቫንያ ስንደርስ የጋዙ ጌጅ ሩብ ላይ ወረደ። "ፕሮፔን እንሞላለን" የሚል ትልቅ ጽሑፍ አይተን ገባን። ልጁ ወጥቶ መኪናውን አየና ራሱን ነቀነቀ። የሚሞሉት ሲሊንደር ብቻ ነው፣ ቱቦውም እኛ ጋ አይደርስም። ታንኩን ፈትታችሁ አምጡ እንዳይል ሻንሲው ላይ በብሎን የታሰረ ነው። ጋዝ ሲያልቅ ሲሊንደር ተሸክሞ መሄድ ነበር የለመድኩት። እዚህ ግን ቤቱ ራሱ ነው ወደ ጋዙ የሚሄደው። ደውሎ "ሞተርሆም ትሞላላችሁ ወይ?" ብሎ መጠየቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። እኔ አርባ ደቂቃ ነዳሁ።

ሁለተኛው ቦታ የእርሻ ዕቃ መሸጫ ነው። የሚሞሉት ሰውዬ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ወሬ የማይወዱ። ሞተሩን አስጠፉኝ። ቀጥሎ ምድጃውን፣ ማሞቂያውን፣ የውሃ ማሞቂያውን፣ ማቀዝቀዣውን። ማቀዝቀዣው በጋዝ ነበልባል እንደሚሠራ እረስቼው ነበር። ከዚያ ሁላችንም ውጭ! ባለቤቴ ቡናዋን እንደያዘች ወረደች።

ቱቦውን ሲያስገቡ በካቻቪቴ አንዲት ትንሽ ብሎን ላላ አደረጉ። ጋዙ ፉጨት እያሰማ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ፉጨቱ ነጭ ጉም ሆነ። ወዲያው ዘጉት። ጉሙ ፈሳሹ 80 በመቶ ላይ መድረሱን የሚናገር ነው። ፕሮፔን ሲሞቅ በጣም ስለሚያብጥ ቀሪው 20 በመቶ ባዶ መሆን አለበት። ታንኬ 20 ጋሎን ውሃ ይይዛል ተብሎ ተጽፎበታል፤ ጋዝ ግን የሚገባው 16 ነው። ይህን ባላውቅ ኖሮ አራት ጋሎን በሉብኝ ብዬ እጣላቸው ነበር።

መጠባበቂያ ብዬ የያዝኩትን ባለ 20 ፓውንድ ሲሊንደርም ሰጠኋቸው። ከሞተርሆሙ ጋር በነፃ ያገኘሁት ነው። አንገቱን አዙረው ቁጥር አሳዩኝ፤ 05-11።

"ሞቷል" አሉ።

ሜይ 2011 የተሠራ ማለት ነው። የዲ.ኦ.ቲ. (የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ሲሊንደር ከተሠራ 12 ዓመት ከሞላው ዳግም ሳይመረመር አይሞላም። በዓይን ታይቶ ካለፈ አዲስ ቀንና "ኢ" የምትል ፊደል ይታተምበትና አምስት ዓመት ያገኛል። የቫልቩ እጀታ ባለ ሦስት ማዕዘን መሆኑ ግን ደስ አሰኝቷቸዋል። ከመጠን በላይ እንዳይሞላ የሚያግደው ቫልቭ ምልክቱ ያ ነው፤ ከኤፕሪል 2002 ወዲህ እሱ የሌለውን ትንሽ ሲሊንደር አይሞሉም።

ታዲያ የመኪናው ታንክ የ2004 ነው፤ እሱስ አልሞተም? ደንግጬ ጠየቅኳቸው። እሱ ሌላ ዘር ነው። ኤ.ኤስ.ኤም.ኢ. (የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር) የሚል ሰሌዳ አለው፤ እንዲህ ያለው ታንክ እንደ ሲሊንደሩ የምርመራ ቀነ ገደብ የለበትም። ያም ሆኖ በጀርባቸው መሬት ላይ ተኝተው ዝገቱን፣ ቫልቮቹን፣ ሰሌዳው መነበቡን አዩ። በእሳቸው ዕድሜ እኔ የምተኛ አይመስለኝም።

የሞተውን ሲሊንደር ሱፐርማርኬት በር ላይ ባዶ ሲሊንደር በሙሉ ከሚለውጡበት የብረት ሳጥን ቀየርኩት። እነሱ ቀኑ ያለፈበትንም ይቀበላሉ። ግን ተለጣፊውን አነበብኩ፦ 15 ፓውንድ። ሲሊንደሩ ባለ 20 ነው፣ ውስጡ ያለው 15 ብቻ። ሦስት ጋሎን ተኩል ገደማ መሆኑ ነው። ቸኩለው ካልሆነ አይመከርም።

ሜይን ውስጥ አኬዲያ ብሔራዊ ፓርክ፣ ብላክዉድስ ካምፕ አረፍን። የሚሰካ ኤሌክትሪክ የለም። ሲሊንደሩን በቲ ቅርጽ መገጣጠሚያ ከመኪናው መስመር ጋር አያያዝኩት፤ ትልቁን ታንክ ዘጋሁ። መጋጠሚያዎቹን በሳሙና ውሃ ቀባሁ፤ አረፋ አልወጣም። ማሞቂያችን በሰዓት 30 ሺህ ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) ይፈጃል። ሳያቋርጥ ቢነድ አንድ ጋሎን በሦስት ሰዓት ይጨርሳል።

በሁለተኛው ሌሊት ማሞቂያው ጠቅ ጠቅ ብሎ ጠፋ። ባትሪ ይዤ፣ በካልሲ፣ እየተንቀጠቀጥኩ ወጣሁ። ሲሊንደሩን ዘግቼ ትልቁን ከፈትኩ፤ ቀስ ብዬ፣ ምክንያቱም በፍጥነት ከተከፈተ የደህንነት ቫልቩ መስመሩ ተቆርጧል ብሎ ጋዙን ያፍነዋል። ስመለስ ነበልባሉ ተያይዟል። ባለቤቴ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዋ ስባ ስልኳ ላይ ካርታ ከፍታለች።

"ቦስተን ውስጥም ዋሻ አለ" አለችኝ።