የዓረብ ኡድ ድምፅ ከየት ይመጣል?

ኡድ የሚባለውን ሆደ ሰፊ የክር ሙዚቃ መሣሪያ ሊያሠራ የተነሣ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በመሣሪያው ጀርባ ላይ ነው። ዋልነትና ማሆጋኒ የተባሉት እንጨቶች እየተፈራረቁ ሲደረደሩ፣ የድምፅ ቀዳዳው ላይ የተፈለፈለው ጌጥም ሲጨመርበት ልብ ይሰርቃል። የጀርባው እንጨት ለድምፁ ትንሽ ቃና ይጨምር ይሆናል እንጂ ኡዱን «ዓረብ» አያደርገውም። የሚያደርጉት የክሩ ርዝመት፣ የፊት ገበታው እና ከገበታው ሥር የተደበቁት አግዳሚዎች ናቸው።

የዓረብ ኡድ ክር ከአንገቱ ጫፍ ገበታው ላይ እስከተለጠፈው የክር ማሰሪያ፣ እስከ ድልድዩ ድረስ ከ61 እስከ 62 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ የቱርኩ 58.5 ገደማ ነው። የቱርኩ ሆዱ አነስ ይላል፣ አንድ ሙሉ ድምፅም (ከዶ ወደ ሬ ያህል) ከፍ ብሎ ይቃኛል። ብሩህና ፈጣን የሚሆነው ለዚህ ነው። የዓረቡ ሆድ ሰፋ ስለሚል በውስጡ ያለው አየር ዝቅ ባለ ድምፅ ይርገበገባል፤ ያ ጥልቅ፣ ደረት ውስጥ የሚገባ ባስ ከዚያ ይመጣል። አንገቱ ከሆዱ የሚገናኝበት ቦታ ከክሩ ርዝመት አንድ ሦስተኛው ላይ መዋል አለበት። ክሩ 61.5 ከሆነ አንገቱ 20.5 ሴንቲ ሜትር ነው ማለት ነው። መጋጠሚያው ላይ ክሩን ሲጫኑት ከባዶ ክሩ አምስተኛው ድምፅ ካልወጣ ልኬቱ ተሳስቷል፤ ያን ደግሞ በኋላ ማረም ከባድ ነው።

አሁን ወደ ገበታው። ጥሩ ገበታ በደንብ የደረቀ ስፕሩስ፣ ከጥድ ጋር የሚመሳሰል ለስላሳ እንጨት ነው፤ የዕድገት መስመሮቹ ቀጥ ያሉ፣ ጫፉ ላይ ሲታዩ ደግሞ ለገበታው ፊት ቀጥ ብለው የቆሙ መሆን አለባቸው። ውፍረቱ ከ1.6 እስከ 2 ሚሊ ሜትር። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ሠሪዎች ይፈራሉ፤ እንዳይሰበር ብለው 2.5 ላይ ይተዉታል። ውጤቱ እንደ ጣውላ የሚያንኳኳ፣ ቶሎ የሚሞት ድምፅ ነው። በተቃራኒው ከ1.5 በታች ሲወርድ ገበታው በድልድዩና በቀዳዳው መካከል ይሰምጣል፤ ባሱ ይጮኻል፣ ግን ኖታው አይለይም።

አግዳሚዎቹ ከዚህም ይብሳሉ። ስፋታቸው ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር፣ ቁመታቸው 12 ገደማ ነው። የአግዳሚ ጥንካሬ የሚለካው በቁመቱ ኩብ ነውና ከ12 ወደ 11 ሚሊ ሜትር ሲላጭ ጥንካሬው በሩብ ገደማ ይቀንሳል። አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ! ስለዚህ መላጊያውን ሁለት ጊዜ ካስኬዱ በኋላ ማቆም፣ ገበታውን በጣት ጫፍ ከዳሩ ይዞ በጉልበት ሳይሆን በስሱ መምታት፣ ማዳመጥ፣ ከዚያ መቀጠል ነው። «ጠቅ» ብሎ የሚያልቅ ከሆነ ገና ነው፤ ድምፁ ትንሽ ቆይቶ ሲከስም ያቁሙ። የተላጨ አይመለስም። ገበታው ላይ ወፍራም ቫርኒሽ መቀባት ደግሞ ይህን ሁሉ ልፋት ያፍነዋል፤ ባዶውን መተው ይሻላል።

ክር ላይ የሚፈጸመው ስሕተት በብዛት ያስቆጨኛል፤ ደህና ኡድ ይጎዳበታልና። የተለመደው የዓረብ ቅኝት ከወፍራሙ ሲጀመር ዶ፣ ፋ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ዶ ነው፤ አምስት ጥንድና አንድ ነጠላ ባስ፣ በድምሩ 11 ክር። ቀጫጭኖቹ ሁለት ጥንዶች ናይሎን ናቸው፤ ከፍተኛው ዶ 0.60፣ ሶል ደግሞ 0.80 ሚሊ ሜትር ገደማ። ለቱርክ ኡድ የተዘጋጀ ክር የዓረብ ኡድ ላይ አስሮ ወደ ዓረብ ቅኝት ማውረድ ውጥረቱን ከአሥር በመቶ በላይ ይቀንሰዋል፤ ክሩ ይላላል፣ ዝዝ ይላል። የዓረቡን ክር በራሱ ኡድ ላይ በአንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ማድረግ ደግሞ ውጥረቱን በሩብ ገደማ ይጨምራል፤ ድልድዩ ከገበታው ተገንጥሎ የሚነሣው እንዲህ ሲደረግ ነው። ከፍ ያለ ቅኝት የሚፈልግ ሰው ክሮቹ ድልድዩን ተሻግረው ጭራው ላይ የሚታሰሩበትን የኢራቅ ዓይነት ኡድ ያሠራ፤ ባግዳድ ውስጥ የጎለበተውና ኢራቃዊው የኡድ ተጫዋች ሙኒር በሽር የታወቁበት ነው። ድምፁ ግን የበለጠ የጠራና ደረቅ ያለ ነው፤ የካይሮና የደማስቆ ኡዶች ድምፅ ያለው ሙቀት የለውም።

የክሩ ከፍታ መጋጠሚያው ላይ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ከዚያ ሲያልፍ ክሩ ሲጫኑት ይሳባል፣ ኖታውም ከፍ ይላል። ራስት በሚባለው ማቃም (የዓረብ የዜማ ስልት) ውስጥ፣ ከዶ ሲነሣ፣ ሦስተኛው ድምፅ በሚ ቤሞልና (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ባለው ሚና) በሚ መካከል ይቀመጣል፤ እዚያ ጥቂት ከፍ ማለት ማቃሙን ያበላሸዋል። ከ2 በታች ሲወርድ ደግሞ ጠንከር ተደርጎ ሲመታ ክሩ አንገቱን እየነካ ዝዝ ይላል።

በመጨረሻም መምቻው፣ ዓረቦች ሪሻ የሚሉት። ረጅም፣ ጠባብና ተጣጣፊ ይሁን፤ የጊታር መምቻ የክሩን ድምፅ ያሳጥረዋል። ምቱ በቀዳዳውና በድልድዩ መካከል፣ ወደ ታች የሚወርደው ደግሞ በእጅ አንጓ ክብደት ይሁን። ድልድዩ አጠገብ ሲመታ የትኛውም ኡድ ቀጭን ይሆናል።